የስልኩን ፎቶ በአፕ ውስጥ ማሳየት፦ አፑ ሳይዘጋ፣ ፎቶው ሳይጠፋ፣ ቀለበቱ ሳይጋደም

ፒያሳ ላለ አንድ ወርቅ ቤት አፕ እየሠራችሁ ነው እንበል። ባለሱቁ ቀለበቱን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በስልኩ ያነሣዋል፤ ፎቶው ከግራሙና ከዋጋው ጋር በአፑ ውስጥ እንዲታይለት ይፈልጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ፎቶው እዚያው ስልክ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም። ሆኖም በእናንተ ስልክ ላይ እንከን ያልነበረበት አፕ ባለሱቁ እጅ ሲገባ በድንገት ይዘጋል፤ ወይም በማግሥቱ ሲከፈት የፎቶዎቹ ቦታ ባዶ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ቀለበቱ በጎኑ ተጋድሞ ይመጣል። የሦስቱም ምክንያት የታወቀ ነው፤ መፍትሔያቸውም ረጅም ኮድ አይጠይቅም።

ከዚህ በታች ያለው በኮትሊን ለአንድሮይድ ለሚሠሩ የተጻፈ ነው። ፍላተር የምትጠቀሙ ከሆነ የሚለየውን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ። የሚሞሪው ጉዳይ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ እሱን አትዝለሉት።

ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት

የቆዩ የቪዲዮ ትምህርቶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ «ሪድ ኤክስተርናል ስቶሬጅ» የሚለውን ፈቃድ በመጨመር ነው። ይህ ፈቃድ አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ባለው ስልክ ላይ፣ አፓችሁ ለዚያ ስሪት የተዘጋጀ ከሆነ፣ ለፎቶ ምንም አይሠራም። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው፦ ተጠቃሚው ጥቂት ፎቶ መርጦ እንዲሰጣችሁ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ምንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ስልኩ የራሱ የፎቶ መምረጫ አለው። ከአንድሮይድ 13 ጋር በ2022 እንደ አውሮፓውያን መጣ፤ በጉግል ሲስተም ዝማኔ በኩል ደግሞ አንድሮይድ 11 እና 12 ላይም ደርሷል። ከዚያ በታች ላሉ ስልኮች በጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ በኩል ማስመጣት ይቻላል፤ ለዚህ ማኒፌስቱ ላይ አንድ የሰርቪስ መግለጫ መጨመር ይጠይቃል። መምረጫው ጨርሶ በሌለበት ስልክ ላይ ላይብረሪው ራሱ የሰነድ መምረጫውን ይከፍትላችኋል። የእናንተ ኮድ በሁሉም ላይ ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድሮይድኤክስ «አክቲቪቲ» ላይብረሪን 1.7.0 ወይም ከዚያ በላይ አስገቡ። አክቲቪቲው ወይም ፍራግመንቱ ሲፈጠር «ሬጂስተር ፎር አክቲቪቲ ሪዘልት»ን «ፒክ ቪዥዋል ሚዲያ» ከሚባለው ኮንትራት ጋር መዝግቡ። በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ ካስፈለገ «ፒክ መልቲፕል ቪዥዋል ሚዲያ»ን ወስዳችሁ የቁጥሩን ጣሪያ ስጡት፤ ለአንድ ቀለበት 3 ወይም 4 ይበቃል። ቁልፉ ሲነካ «ኢሜጅ ኦንሊ» ብላችሁ አስነሡት። የሚመለስላችሁ የፎቶው ዩአርአይ፣ ማለትም አድራሻው፣ ነው። ተጠቃሚው ሳይመርጥ ከተመለሰ ደግሞ ባዶ ይመጣል፤ ባዶውን ሳታጣሩ መቀጠል በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ምዝገባውን ቁልፉ ሲነካ በሚሠራው ኮድ ውስጥ አታድርጉት። አክቲቪቲው ሥራ ከጀመረ በኋላ መመዝገብ አፑን ይዘጋዋል። ሌላም ምክንያት አለ፦ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ላይ መምረጫው ሲከፈት ሲስተሙ የእናንተን አፕ ከጀርባ ሊገድለው ይችላል። ምዝገባው አክቲቪቲው ሲፈጠር ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚካሄድ ከሆነ፣ አፑ እንደገና ሲነሣ ምርጫው ይደርሰዋል። አለበለዚያ ባለሱቁ ፎቶውን መርጦ ሲመለስ ምንም አያይም፤ «አፓችሁ አይሠራም» ቢል እውነቱን ነው።

ዩአርአዩ የፋይል መንገድ አይደለም

የመጣው አድራሻ «ኮንተንት» በሚል ቃል ይጀምራል። ይህን ወደ ፋይል መንገድ ልለውጠው ብላችሁ አትድከሙ። ኢንተርኔት ላይ «እውነተኛውን መንገድ ማግኛ» እየተባለ የሚዞረው ረጅም ኮድ አንድሮይድ 10 ላይ የማከማቻው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ በብዙ ስልክ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው መንገድ በ«ኮንተንት ሪዞልቨር» በኩል «ኦፕን ኢንፑት ስትሪም» ብሎ መክፈት ነው፤ ፎቶ ጫኚዎቹ ላይብረሪዎች ኮይልና ግላይድም ዩአርአዩን እንዳለ ይቀበላሉ።

በማግሥቱ ፎቶው የሚጠፋበትም ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በዩአርአዩ የማየት መብታችሁ ጊዜያዊ ነው፤ አፑ እስኪቆም ወይም ስልኩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ብቻ ይቆያል። ዩአርአዩን ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጣችሁ በማግሥቱ ስትከፍቱት «ሴኩሪቲ ኤክሰፕሽን» ይመጣል። «ቴክ ፐርሲስተብል ዩአርአይ ፐርሚሽን»ን ብትጠሩ መብቱ ይዘልቃል፤ ግን ጣሪያ አለው። በሰነድ መምረጫ በኩል ለመጡት አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ላይ 512፣ ከዚያ በታች 128 ብቻ ነው። 300 ዓይነት ጌጥ ያለው ወርቅ ቤት ለእያንዳንዱ 3 ፎቶ ቢያስገባ 900 ይሆናል፤ ጣሪያው ሲሞላ የቆዩት መብቶች ይወገዳሉ፤ መጀመሪያ የገቡት ፎቶዎች ይጠፋሉ። መብቱ ቢኖርም ባለሱቁ ጋለሪውን ሲያጸዳ ፎቶውን ከሰረዘው አድራሻው ባዶ ቤት ነው።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው አንድ መንገድ ነው፦ ፎቶው አፑ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ፣ እንደተመረጠ ወዲያው ተመጣጣኝ ቅጂ ሠርታችሁ በአፑ የራሱ ማከማቻ ውስጥ አኑሩት። ለአንድ ጊዜ የሚታይና የሚረሳ ከሆነ ብቻ ዩአርአዩ ራሱ ይበቃል። መምረጫው በደመና ላይ ያለ ፎቶም ሊያሳይ ስለሚችል፣ መክፈቱ ዳታ ፈልጎ ሊዘገይ ወይም ሊከሽፍ ይችላል፤ ቅጂው በሚሠራበት ጊዜ ስሕተቱን ይዛችሁ ለተጠቃሚው በግልጽ ንገሩት።

የሚሞሪው ሒሳብ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አፕ የሚዘጋው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፋይሉ 3 ሜጋባይት ነው ማለት ራም ላይ 3 ሜጋባይት ይይዛል ማለት አይደለም። ጄፔግ የታመቀ ነው፤ ስክሪን ላይ ለመውጣት መፈታት አለበት። ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ይወስዳል። 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ 4000 በ3000 ነው፤ 12 ሚሊዮን ፒክሰል በ4 ሲባዛ 48 ሜጋባይት። አሁን ስፋቱ 720 በ1600 የሆነ ስክሪን ላይ በ3 ዓምድ ፎቶ ደርድሩ። እያንዳንዱ ሳጥን 240 ፒክሰል ይደርሰዋል፤ 7 ረድፍ ይታያል፤ ጠቅላላው 21 ፎቶ። በሙሉ መጠናቸው ከተፈቱ ወደ 1 ጊጋባይት ነው። ይህን ያህል ራም ለአንድ አፕ የሚሰጥ ተራ ስልክ የለም። «አውት ኦፍ ሚሞሪ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ከዚህ ነው። እነዚያኑ ፎቶዎች በ240 በ240 ብትፈቷቸው አንዱ ወደ 230 ኪሎባይት፣ 21ዱ በጠቅላላው 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞሉም።

የ50 ሜጋፒክሰሉ ካሜራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በተለመደው አሠራሩ 12 ሜጋፒክሰል አካባቢ ይሰጣል፤ ባለሱቁ «ጥራቱ ይጨምር» ብሎ ሙሉውን ካበራ ግን 8160 በ6120 የሆነ ፎቶ ይመጣል። ሲፈታ ወደ 200 ሜጋባይት ነው። ራሙ ቢችለው እንኳ አንድሮይድ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ትልቅ ቢትማፕ (የተፈታ ፎቶ) ስክሪን ላይ አይሥልም፤ ቢትማፑ ከልክ በላይ ትልቅ ነው ብሎ አፑን ይዘጋዋል። ስልኩ ጥሩ ቢሆንም ከዚህ አታመልጡም።

አፈታቱን በእጃችሁ ለመቆጣጠር «ቢትማፕ ፋክተሪ» በቂ ነው። በመጀመሪያ «ኢን ጀስት ዲኮድ ባውንድስ»ን አብርታችሁ ስፋትና ቁመቱን ብቻ አንብቡ፤ በዚህ ጊዜ ፒክሰሎቹ አይፈቱም። ከዚያ «ኢን ሳምፕል ሳይዝ»ን ወስኑ። ቁጥሩ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይሄዳል፤ 2 ማለት ስፋቱም ቁመቱም በግማሽ ይወርዳል፣ ራሙም ወደ ሩብ። በመጨረሻ ይህን ይዛችሁ ትክክለኛውን አፈታት አካሂዱ። ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ነው፦ ስትሪሙ አንዴ ከተነበበ ወደ መጀመሪያው አይመለስም። ያንኑ ስትሪም ለሁለተኛው ከሰጣችሁት ምንም ስሕተት ሳያሳይ ባዶ ቢትማፕ ይመልሳል። ሁለት ጊዜ ክፈቱት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝጉት።

ለወርቅ ቤቱ ምን ያህል መጠን ይበቃል? ለሌላ ዕቃ ቢሆን ረጅሙ ጎን 1000 ፒክሰል ይበቃ ነበር። ገዢ ግን ቀለበት ሲያይ በሁለት ጣቱ ያጎላል፤ የፈርጡን አቀማመጥና የጠርዙን ጥርስ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ረጅሙ ጎን 2000 አካባቢ ያለው ቅጂ አስቀምጡ። ከ4000 በ3000 ሳምፕሉ 2 ሲሆን 2000 በ1500 ይወጣል፤ ሲፈታ 12 ሜጋባይት ነው፤ አንድ በአንድ ስለሚታይ ችግር የለውም። ከ8160ው ሳምፕሉ 4 ሲሆን 2040 በ1530 ይመጣል። ቅጂውን በጄፔግ በ85 ጥራት ጻፉት። 100 ብታደርጉት ፋይሉ በብዙ ያብጣል፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። ከ70 በታች ስትወርዱ ግን የወርቁ ነጸብራቅ ዙሪያ ትንንሽ ካሬዎች መታየት ይጀምራሉ።

ይህ ሁሉ ስክሪኑን በሚያንቀሳቅሰው ዋና ትሬድ ላይ መካሄድ የለበትም። ኮሩቲን ውስጥ በ«ዲስፓቸርስ አይኦ» ላይ አካሂዱት። ዋናው ትሬድ ለ5 ሰከንድ ለንክኪ ምላሽ ካጣ ሲስተሙ «አፑ ምላሽ አይሰጥም» የሚለውን ሳጥን ያወጣል፤ አራት ፎቶ በተከታታይ በአነስተኛ ስልክ ላይ ስትፈቱ እዚያ መድረስ ቀላል ነው።

የተጋደመው ቀለበት

ስልኩ ቁም ተይዞ ሲነሣ ብዙ ካሜራዎች ፒክሰሎቹን አያዞሩም። በአግድም ያስቀምጡና «ስታሳይ አዙረው» የሚል ቁጥር በኤግዚፍ (ፋይሉ ውስጥ ስለ ፎቶው በሚጻፈው) መረጃ ውስጥ ይጽፋሉ። 1 ማለት እንዳለ፣ 6 ማለት 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 3 ማለት 180፣ 8 ማለት 270 ማለት ነው። «ቢትማፕ ፋክተሪ» ይህን ቁጥር አያይም። ኮይልና ግላይድ ያከብሩታል፤ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ያለው «ኢሜጅ ዲኮደር»ም ያከብረዋል። ጋለሪው ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚታየው ፎቶ እናንተ ጋ የሚጋደመው በዚህ ነው።

ቅጂውን በእጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ የአንድሮይድኤክስ «ኤግዚፍ ኢንተርፌስ»ን አስገብታችሁ ቁጥሩን አንብቡ፤ ቢትማፑን በ«ማትሪክስ» አዙራችሁ ከዚያ ጻፉት። ማዞሩ ከማሳነሱ በኋላ ይሁን፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ሁለት ቢትማፕ ራም ላይ ስለሚኖር ትልቁን ማዞር ዋጋ ያስከፍላል። ቁጥሩ 6 ወይም 8 ከሆነ ስፋትና ቁመቱ እንደሚለዋወጡም አስታውሱ፤ የሳጥኑን መጠን ቀድሞ ባነበባችሁት ስፋት ካሰላችሁ ፎቶው ተጨፍልቆ ይታያል። አንድ ነገር ደግሞ፦ በአዲስ ፋይል ስትጽፉት የኤግዚፍ መረጃው አብሮ አይሄድም። ፎቶው የተነሣበትን ቀን የምትፈልጉት ከሆነ ከመጻፋችሁ በፊት አንብባችሁ ዳታቤዝ ውስጥ አኑሩት።

ማስቀመጥና መሰየም

ቅጂውን በ«ፋይልስ ዲር» ሥር አኑሩት እንጂ በ«ካሽ ዲር» አታድርጉት። ቦታው በሞላ ስልክ ላይ ሲስተሙ ካሹን ሳይጠይቃችሁ ያጸዳዋል፤ 32 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ስልክ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ዳታቤዙ ውስጥ የፋይሉን ስም ብቻ ጻፉ፤ ሙሉውን መንገድ አትጻፉ። ዕቃው ሲሰረዝ ፋይሉንም ሰርዙ፤ አለበለዚያ አፑ ከወር ወር እያበጠ ይሄዳል።

ለስሙ በዘፈቀደ የሚፈጠር መለያ ከሁሉ ይሻላል። ተጠቃሚው በሰጠው የአማርኛ ስም ፋይሉን መሰየም ይቻላል፤ ግን አንድ የፊደል ሆሄ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ የፋይል ስም ጣሪያ ደግሞ 255 ባይት ነው። ስለዚህ 85 ሆሄ ላይ ይቆማል፤ በላቲን ፊደል የተሞከረው ኮድ በአማርኛ የሚወድቀው በዚህ ነው። ባለሱቁ ፎቶውን ሲቀይርም በዚያው ስም ላይ አትጻፉ። ፎቶ ጫኚው ላይብረሪ አሮጌውን ከካሹ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል። አዲስ ፎቶ አዲስ ስም ይኑረው።

ስክሪን ላይ

በጀትፓክ ኮምፖዝ «ሌዚ ቨርቲካል ግሪድ» ውስጥ የኮይልን «ኤሲንክ ኢሜጅ» ተጠቀሙ፤ ፋይሉን ስትሰጡት ሳጥኑ የሚፈልገውን መጠን ራሱ አስልቶ ይፈታል። ይህ የሚሆነው ግን ሳጥኑ የታወቀ መጠን ካለው ነው። ወርዱና ቁመቱ ያልተገደበ ሳጥን ውስጥ ካስገባችሁት በዋናው መጠኑ ይፈታና ያመለጣችሁት ችግር ይመለሳል። «አስፔክት ሬሽዮ» 1 ብላችሁ ካሬ አድርጉት። ለእያንዳንዱ ክፍል ከዳታቤዙ መለያ የተወሰደ ቁልፍ ስጡት።

በግሪዱ ላይ «ክሮፕ» ያምራል፤ ዝርዝሩ ሲከፈት ግን «ፊት» ይሁን፤ ረጅም ሐብል በ«ክሮፕ» ሲታይ መቆለፊያውና ጫፉ ይቆረጣል። ለማጉላት «ቴሌፎቶ» ወይም «ሰብሳምፕሊንግ ስኬል ኢሜጅ ቪው» የሚባሉት ላይብረሪዎች የሚታየውን ክፍል ብቻ እየፈቱ ያሳያሉ። ፎቶው እስኪመጣ ሳጥኑ በደብዛዛ ቀለም ይሞላ፤ 21 የሚሽከረከር ምልክት ዓይን ያደክማል።

በ«ሪሳይክለር ቪው» ለምትሠሩ፦ በፍጥነት ሲንሸራተት የአንዱ ቀለበት ፎቶ በሌላው ዋጋ ላይ ከታየ፣ ያለ ላይብረሪ በራሳችሁ ትሬድ እየጫናችሁ ነው ማለት ነው። ሳጥኑ ለሌላ ዕቃ ተላልፎ ሳለ የቀድሞው ፎቶ ዘግይቶ ይደርሳል። ወርቅ ቤት ውስጥ ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገዢ በተሳሳተ ዋጋ ይነጋገራል። ኮይል ወይም ግላይድ የቀድሞውን ጥያቄ ራሱ ይሰርዘዋል።

ጋለሪውን በሙሉ ማሳየት ካለባችሁ

አፓችሁ ራሱ ጋለሪ ወይም የፎቶ ማስተካከያ ከሆነ ብቻ ወደዚህ ግቡ። ጉግል ፕሌይ ሰፊውን የፎቶ ፈቃድ የሚፈቅደው የአፑ ዋና ሥራ ከጠየቀው ነው፤ ለወርቅ ቤት አፕ አይሆንም። ፈቃዶቹ በስሪት ይለያያሉ፦ እስከ አንድሮይድ 12 «ሪድ ኤክስተርናል ስቶሬጅ»፣ ጣሪያው ኤፒአይ 32 ተብሎ፤ ከ13 ጀምሮ «ሪድ ሚዲያ ኢሜጅስ»፤ በ14 ደግሞ «ሪድ ሚዲያ ቪዥዋል ዩዘር ሰሌክትድ» ይጨመራል። የመጨረሻው ተጠቃሚው ጥቂት ፎቶ ብቻ መርጦ ሲፈቅድ የሚያገለግል ነው።

ከዚያ «ሚዲያስቶር»ን ጠይቁ፤ መለያውን፣ ስሙንና ቀኑን ብቻ አምጡ፤ አድራሻውን በ«ኮንተንት ዩአርአይስ» አብጁ። ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። «ዴት አዲድ» በሰከንድ፣ «ዴት ቴክን» በሚሊሰከንድ ነው። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ከያዛችሁት ፎቶዎቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1962 የተነሡ ሆነው ይታያሉ። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ ያለውን «ኢትዮፒክ ካሌንደር» ተጠቀሙ፤ ዝም ብሎ 8 ዓመት መቀነስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ያበላሻል። መስከረም 1 ቀን 2017 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር፤ ልዩነቱ 7 ነው። ሰዓቱን ግን ካሌንደሩ አይለውጥላችሁም፤ 14፡30ን ከቀኑ 8፡30 ማለት የእናንተ ሥራ ነው።

ፍላተርና አይፎን

በፍላተር «ኢሜጅ ፒከር» የሚሰጣችሁ መንገድ ካሽ ውስጥ ያለ ጊዜያዊ ቅጂ ነው፤ ወደ አፑ ሰነዶች ፎልደር ቅዱት። ሲመረጥ «ማክስ ዊድዝ» እና «ኢሜጅ ኳሊቲ» ብትሰጡት ማሳነሱን እሱ ይሠራል። «ኢሜጅ ፋይል» ሲያሳይ በራሱ አያሳንስም፤ «ካሽ ዊድዝ» ስጡት። አንድሮይድ ላይ አፑ ከጀርባ ከተገደለ ምርጫው የሚገኘው «ሪትሪቭ ሎስት ዳታ»ን አፑ ሲነሣ ከጠራችሁ ነው። አይፎን ላይ አፑ ሲዘመን የፎልደሩ ሙሉ መንገድ ስለሚለወጥ ስሙን ብቻ ማስቀመጥ እዚያ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

መሞከር

ለሙከራ የሚሆን ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ። ሲላክ ይታመቃል፤ የኤግዚፍ መረጃውም ይወገዳል፤ ስለዚህ የመጋደሙም የራሙም ችግር እናንተ ጋ አይታይም። እንደ ፋይል ላኩት፣ ወይም በኬብል አስተላልፉት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በዚያው ስልክ ማንሣት ነው። ስልኩን ቁም፣ አግድም፣ ተገልብጦም ይዛችሁ አንሡ።

2 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ቴክኖ ወይም አይቴል መርካቶም ፒያሳም ካሉ ስልክ ቤቶች ፈልጉ፤ በኢሙሌተር ብቻ የተሞከረ የፎቶ አፕ አልተሞከረም። በዴቨሎፐር ምርጫዎች ውስጥ አክቲቪቲን ወዲያው የሚያጠፋውን ማብሪያ አብሩና ፎቶ መምረጥን ሞክሩ። 200 ፎቶ አስገብታችሁ ከላይ እስከ ታች በፍጥነት አንሸራትቱ፤ በአንድሮይድ ስቱዲዮ ፕሮፋይለር ላይ የሚሞሪው መስመር እየወጣ ብቻ ከሄደና ካልወረደ የሆነ ቦታ ሙሉ ፎቶ እየተፈታ ነው። ከዚያ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ዋናዎቹን ፎቶዎች ከጋለሪ ሰርዙ፤ አፑን ክፈቱ። ቀለበቶቹ በየቦታቸው ቀጥ ብለው ካሉ አፑን ለባለሱቁ አስረክቡት።